ታጥቦ ጭቃ

«እነ እገሌ ሰሃን የሚያጥቡት በአንድ ሳፋ ውሃ ነው፤ ያንኑ እድፍ ከሰሃን ወደ ሰሃን ማዞር!» «በእነ እገሊት አገር ገላ የሚታጠቡት ለዓመት በዓል ብቻ ነው አሉ።» «የዚያ አገር ሰው ድስት የሚፈትገው በአመድ ነው፤ ሳሙና የት ያውቅና!» «እነዚያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲያንቦራጭቁ ነው የሚውሉት፤ ሥራ ፈቶች።»

ይህን ሁሉ የሰማነው ከጠላ ቤት አይደለም። ከራሳችን መካከል ነው፤ ከምግብ ሰልፍ ላይ፣ ከመኝታ ክፍል ወግ፣ ከታክሲ ወረፋ። «ማስረጃ ሳይኖር መደምደሚያ የለም» ብለው ለፈተና የጻፉ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው እንዲህ የሚናገሩት። ነገሩ በቀልድ ይጀምራል፤ በሳቅ ይታለፋል። ውሎ አድሮ ግን አንድ ክፍል የሚጋሩ ሰዎች በመጀመሪያ ሳፋ ይለያሉ፤ ቀጥሎ ብርጭቆ ይለያሉ፤ በመጨረሻ ማዕድ ይለያሉ። ማዕድ የለየ ሰው ነገ ደግሞ ምን እንደሚለይ ይህች አገር አሳምራ ታውቀዋለች።

ስለዚህ ዝም አንልም። አቋማችንን ከወዲሁ በግልጽ እናስቀምጣለን፦ የዕቃ አጠባና የገላ አስተጣጠብ ልዩነት የዘር ጠባይ አይደለም። የውሃ፣ የጊዜና የእጅ ጉዳይ ነው። ውሃው ከየት ይመጣል? ጊዜው የማን ነው? የሚያጥበውስ የማን እጅ ነው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይጠይቅ «ቆሻሻ» የምትል ቃል ከአፉ የሚያወጣ ሰው ሐሜተኛ ነው እንጂ ተማሪ አይደለም።

የምናወራው ደግሞ በሩቁ አይደለም። ጥቂት የማንባል ተማሪዎች ዱከም ላይ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ዱከም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጅቡቲ መንገድ ዳር የበቀለች ከተማ ናት። መንገደኛ የሚያውቃት በጥሬ ሥጋዋ ነው፤ መኪናውን አቁሞ ቁርጡን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ያልፋል። ከአስፋልቱ ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ውስጥ ለገባ ሰው ግን ሌላ ዱከም አለች። ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ከተቋቋመ፣ በተለይም ሁዋጂያን የተባለው የጫማ ፋብሪካ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ማምረት ከጀመረ ወዲህ፣ ከየአገሩ ወጣቶች፣ ይበልጡንም ወጣት ሴቶች፣ ሥራ ፍለጋ ወደዚህ ጎርፈዋል። ለእነርሱ ማደሪያ ተብሎ በየግቢው ጓሮ ክፍል ተደርድሯል፤ ስምንት ዘጠኝ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት። በአንዱ በር ሦስት የፋብሪካ ልጆች፣ በሌላው እኛ፣ በሚቀጥለው አንድ ሹፌር ከነሚስቱ። ወሎ፣ አርሲ፣ ወላይታ፣ ጎጃም፣ ሐረርጌ፣ ጉራጌ ሁሉም በአንድ ቧንቧ ዙሪያ ነው። ኢትዮጵያን ለማየት ሙዚየም መሄድ አያስፈልግም፤ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቧንቧው አጠገብ መቆም ይበቃል።

ጠቡም የሚነሣው እዚያው ቧንቧ ሥር ነው። አንዷ ሁለት ሳፋ ትደረድራለች፤ በአንዱ ላርጎ በጥብጣ ታጥባለች፣ በሌላው ታለቀልቃለች። ሌላዋ ሳፋ አትወድም፤ «የቆመ ውሃ ዕቃ አያነጻም» ትልና በጆግ እያፈሰሰች ታጥባለች። ሦስተኛዋ የጠቆረውን ድስት ከምድጃ ባወጣችው አመድ ትፈትጋለች። አንዱ ወንድም ቧንቧውን ለቅቆ ሥሩ ይቆማል፤ ሌላው ግማሽ ባልዲ ውሃ ይዞ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ታጥቦ ይወጣል። አንዱ ሌላውን ያያል፤ ያየውን ይተረጉማል። ትርጓሜው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እኛ ንጹሕ፤ እነሱ ቆሻሻ።»

አንደኛ፦ ልማድ ከየት ይመጣል?

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ። በውርጭ አገር ያደገ ልጅ በየማለዳው ቀዝቃዛ ውሃ ራሱ ላይ አያፈስም፤ ላፍስስ ቢል የምትቆጣው እናቱ ናት፤ ብርድ ይመታዋላ! ነገር ግን ማታ ማታ እግሩን ይታጠባል፤ እንግዳ ሲመጣ እግር ማጠብ ደግሞ የቤቱ ወግና ክብር ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ያደገው ልጅ በበኩሉ በቀን ሁለት ጊዜ ካልታጠበ እንቅልፍ አይወስደውም። ሁለቱን አምጥተን ዱከም ላይ በአንድ ክፍል ብናስቀምጣቸው አንዱ «ቆሻሻ»፣ ሌላው «ውሃ አባካኝ» መባሉ አይቀርም። የተጣሉት ግን ሁለት ሕዝቦች አይደሉም፤ ሁለት ቴርሞሜትሮች ናቸው።

የሙስሊሙ ቤት ልጅ የሚፈስ ውሃን ከውዱእ ለምዶታል። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት የሚታጠብ ሰው ከማንቆርቆሪያ የሚወርደውን ውሃ በሳፋ ከቆመው አስበልጦ ቢያምን ምን ያስደንቃል? በክርስቲያኑም ቤት የጾም ድስትና የፍስክ ድስት ይለያል፤ ቅቤ የነካው ዕቃ ጾሙ ሳይገባ ተፈትጎ ይቀመጣል። ይህም ራሱን የቻለ የአጠባ ሥርዓት ነው። ሁለቱም ሥርዓት አላቸው፤ አንዱ የሌላውን ሥርዓት ማንበብ ስላልቻለ «ሥርዓት የላቸውም» ይላል። ማንበብ ያልቻለ ሰው መጽሐፉን ባዶ ነው ሲል አልሰማንም፤ እዚህ ላይ ግን እንዲያ ሆኗል።

ደግሞስ ንጽሕና ማለት ሁሉን ነገር በሳሙና ማሸት ነው ያለ ማነው? ምጣድ በሳሙና አይታጠብም፤ በጎመን ዘር ይታሰሳል። ምጣዷን ውሃ ውስጥ የዘፈዘፈች ሴት ባለሙያ አትባልም፤ እንጀራዋም አልነሣ ይላታል። ጀበናን በሳሙና የሚያጥብ ቡና አፍይ አናውቅም። የጠላ ገንቦ በግራዋ ታጥቦ ይታጠናል። የወተት ዕቃ በወይራ ይታጠናል። ውሃ ለሰውና ለከብት ጉሮሮ እንኳ በማይተርፍበት በቦረና ምድር የወተት ዕቃ በጢስ መጽዳቱ ስንፍና ይመስላል እንዴ? ጢሱ ጀርም ይቀንሳል፣ ወተቱን ያቆያል፣ ላይ ላዩንም መዓዛ ይጨምርለታል። ይህን ሁሉ አንድ ጠርሙስ ላርጎ አያደርገውም።

አመድስ? ኬሚስትሪ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ይመስክሩ። የእንጨት አመድ አልካላይ ነው፤ ቅባት ሲያገኝ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል። እንግዲህ «ሳሙና አያውቁም» የተባሉት ሴቶች እዚያው ድስቱ ላይ ሳሙና እየሠሩ ነው ማለት ነው። እኛ ቀመሩን በወረቀት ጽፈን ነጥብ እናገኛለን፤ እነርሱ ቀመሩን በእጃቸው ሠርተው ስድብ ያገኛሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል እንበል፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በሁለት ሳፋ የምታጥብ ልጅ በየሳፋው 5 ሊትር ብታደርግ፣ ባጠቃላይ በ10 ሊትር ዕቃዋን አነጻች። ቧንቧ ለቅቆ የሚያጥብ ሰው፣ ቧንቧው በደቂቃ 8 ሊትር ቢያወርድ፣ በ10 ደቂቃ 80 ሊትር አፈሰሰ፤ አራት ጀሪካን መሆኑ ነው። ቧንቧው ቤቱ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ልዩነት አይታየውም። ውሃውን በጀርባዋ ተሸክማ ለምታመጣ ልጅ ግን ልዩነቱ 70 ኪሎ ነው። እንግዲህ ማነው አዋቂ? ማነውስ አላዋቂ?

ይህ የእኛ ፍልስፍና ብቻ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ እየዞሩ ሰዎች ውሃ እንዴት እንደሚቀዱና ስንት እንደሚጠቀሙ አጠኑ። ጥናቱ በ1972 (እ.ኤ.አ.) በመጽሐፍ ታተመ፤ ርእሱም በእኛ ቋንቋ «ውሃ ቀጂዎች» እንደ ማለት ነው። ቧንቧ ቤቱ የገባለት ሰውና ውሃ ተሸክሞ የሚያመጣ ሰው በሚጠቀሙት ውሃ መጠን መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ሥራ ያገኘነው አንድ ትልቅ ትምህርት አለ፦ በሽታ የሚመጣው የተበከለ ውሃ በመጠጣት ብቻ አይደለም፤ ለመታጠቢያ የሚበቃ ውሃ በማጣትም ይመጣል። አገራችን በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (እ.ኤ.አ. 2015–2020) ለገጠር ሰው ያሰበችለት በቀን 25 ሊትር፣ ያውም በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነበር። ሃያ አምስት ሊትር ለመጠጥ፣ ለወጥ፣ ለዕቃ፣ ለልብስ፣ ለገላ። ሻወር ሥር ለ5 ደቂቃ የቆመ ተማሪ ያንን ድርሻ ጨርሶ የሌላውን ሰው ድርሻ ጀምሯል። ከዚያ ወጥቶ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ስለ ገጠር ሰው ንጽሕና ያስተምረናል!

ሁለተኛ፦ መማር ያነጻል ወይ?

«እኛ ተምረናል፤ ስለ ጀርም እናውቃለን» የሚሉን አሉ። ለእነርሱ ሁለት ታሪክ እንንገራቸው።

የመጀመሪያው የቪየና ነው። በ1847 (እ.ኤ.አ.) በቪየና ታላቁ ሆስፒታል ኢግናዝ ዜሜልቫይስ የሚባል ሐኪም ነበር። ሆስፒታሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት፤ አንደኛው የሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ ሁለተኛው የአዋላጅ ሴቶች። እናቶች በብዛት ይሞቱ የነበረው በየትኛው ነው? በተማሪዎቹ ክፍል! ተማሪዎቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው ወደ ወላዶቹ ይሄዱ ነበርና። ሐኪሙ በክሎሪን ኖራ ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። ታዲያ ሊቃውንቱ አመሰገኑት? የለም፤ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም። የተከበረ ሐኪም እጅ ሞት ይሸከማል ማለት ለጆሮ የሚከብድ ነገር ሆነባቸው። እንግዲህ በታሪክ ከታወቁት ቆሻሻ እጆች መካከል የተማሪ እጆች ይገኙበታል፤ ይህን አንርሳ።

ሁለተኛው የቤታችን ነው። በ1964 (እ.ኤ.አ.) አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠና ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እነርሱ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አየ። «ሳሙና የሌላቸው ምስኪኖች» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። አላለፈም፤ ቆመ፣ መረመረ፣ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጠ። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ከአገራችን የሳይንስ ሥራዎች ሁሉ ስሙ ርቆ ከተጠራው አንዱ የተነሣው ከወንዝ ዳር አጣቢዎች ነው። በአንድ ትውልድ መካከል ምን ያህል ወረድን? ያኔ ምሁሩ አጣቢዎቹን አይቶ ተማረ፤ ዛሬ ምሁር ተብዬው አጣቢዎቹን አይቶ ይስቃል።

ሦስተኛ፦ የሚያጥበው የማን እጅ ነው?

አሁን ወደ ቤታችን ጓዳ እንግባ። «በእኛ ቤት እኮ ሰሃን እንዲህ አይታጠብም» የሚለውን ወንድም አንድ ጥያቄ እንጠይቀው። ለመሆኑ አንተ በዚያ ቤት ሰሃን አጥበህ ታውቃለህ? ዝም ይላል። የሚኮራበት ንጽሕና እናቱ ያጠበችው ነው፤ እኅቱ ያጠበችው ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ ያጠበችው ነው። «የቤታችን ባህል» ብሎ የሚጠራው የሰው ጉልበት ነው። ያች ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ እርሱ «ቆሻሻ» ካለው አገር የመጣች የገጠር ልጅ ሆና ትገኛለች! የቤተ ሰቡን ሰሃን ሁሉ ታነጻለች፤ በስንቱ ቤት ግን የራሷ ሰሃንና ብርጭቆ ተለይቶ ይቀመጥላታል። እጇ ሰሃኑን ለማንጻት ንጹሕ ነው፤ በሰሃኑ ለመብላት ግን አይደለም። የንዑስ ከበርቴ ንጽሕና ማለት ይህ ነው፤ በሰው እጅ ታጥቦ በሰው ላይ መጸየፍ።

በተከራይ ግቢም ያው ነው። ወንድ ልጅ ሳፋ ፊት ቁጭ ሲል «ሴታ ሴት» ይባላል። ይህን የሚለው ያልተማረ ሰው ብቻ ቢሆን ባልከፋን። እኛው ነን የምንባባለው። ስለዚህ የወንዶች ክፍል ዕቃ ሦስት ቀን ይከመራል፤ ሽሮው ድስት ላይ ይደርቃል፤ ዝንብ ይሰፍርበታል። በመጨረሻ ከፋብሪካ ደክማ የተመለሰች ጎረቤት «እኅቴ፣ እባክሽ» ትባላለች። ቀኑን ሙሉ ጫማ ስትሰፋ ውላ ማታ የተማሪ ድስት ትፈትጋለች። በማግስቱ ያው ተማሪ ሰልፍ ላይ ቆሞ የእሷን አገር ሰው ስለ ንጽሕና ይተቻል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ተረት የተተረተው ለሴት ነበር፤ ዘንድሮ ወንድ ሆኖ ተገኘ።

አራተኛ፦ ቁልፉስ በማን ኪስ ነው?

ከሁሉ የሚብሰው ግን ይህ ነው። ከምናውቃቸው ግቢዎች በአንዱ ቧንቧው ላይ ቁልፍ አለ። የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት የፋብሪካ ልጆች ሥራ ላይ ናቸው። ማታ ሲመለሱ ቁልፉ አከራዩ ኪስ ውስጥ ነው። የቀራቸው በጀሪካን ገዝቶ ለወጥና ለመጠጥ ማብቃቃት ነው፤ ለገላ አይተርፍም። ሳምንት ሙሉ ሳይታጠቡ ሲቀሩ «አይ፣ የእነሱ ነገር እኮ…» ይባላል። የውሃ ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ በየበሩ እኩል ይካፈላል፤ ቆጣሪው ምን እንዳነበበ የሚያሳይ ወረቀት ግን ለተከራይ አይታይም። እንግዲህ ፍረዱ፤ ይህ የባህል ልዩነት ነው ወይስ የቁልፍ ልዩነት?

እውነቱን እንናገር ከተባለ አከራዩም ሁልጊዜ ክፉ ሆኖ አይደለም። ውሃው ሲጠፋ፣ ሮቶው ሲጎድል፣ ሒሳቡ ሲከመር እርሱም ይደነግጣል። ግን ፍርሃቱን የሚያራግፈው በማን ላይ ነው? አቤት የምትልበት ጊዜ በሌላት የፈረቃ ሠራተኛ ላይ ነው።

ከመሐል ከተማ የመጡ ጓደኞቻችንም አንድ ነገር ያስቡ። ዱከም፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ሲባል «የዳር ከተማ ሰው ምን ይታጠባል» ብሎ የሚያሾፍ አለ። እርሱ የሚታጠብበት ውሃ ከየት የመጣ ይመስለዋል? የገፈርሳ ግድብ ቡራዩ አጠገብ ነው። በ1970 (እ.ኤ.አ.) አገልግሎት የጀመረው ለገዳዲም ያለው ከከተማዋ ውጭ፣ በለገጣፎ አቅጣጫ ነው። የአቃቂ ጉድጓዶችም ከዱከም ሩቅ አይደሉም። ከተማይቱ ራሷ የተቆረቆረችው በፍልውሃ ምክንያት ነው፤ እቴጌ ጣይቱ በ1886 (እ.ኤ.አ.) ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደው የሰፈሩት ሙቁን ውሃ ወደው አይደለም እንዴ? ለመታጠብ ሲባል የተቆረቆረች ከተማ፣ ውሃዋን ከጎረቤቶቿ እየጠጣች፣ ጎረቤቶቿን አልታጠባችሁም ብላ ስትስቅ ማየት ያሳፍራል።

እጣቢውስ? ይህንን ማንም አያነሣውም። የዱከም አፈር ጥቁር አፈር ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ውሃ ቶሎ አያሰርግም። በራችን ላይ የደፋነው እጣቢ ጎረቤት በር ላይ ሄዶ ይተኛል። በሁለት ሳፋ የታጠበውም፣ በቧንቧ የታጠበውም፣ በአመድ የተፈተገውም እጣቢ እዚያው ተገናኝቶ አንድ ጭቃ ይሆናል። በላርጎና በአመድ ስንከራከር ሁላችንም በአንድ ጭቃ ውስጥ ቆመናል። ሰሃኑ ነጻ፤ ግቢው ቆሸሸ። ታጥቦ ጭቃ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ለሚቃወሙን አንድ መልስ

«ታዲያ ልማድ ሁሉ እኩል ነው ልትሉን ነው?» የሚል ይኖራል። አንልም። ጀርም ባህል አያውቅም። እድፍ የያዘ የሳፋ ውሃ አድሮ በማግስቱ ዕቃ ከታጠበበት፣ ያጠበው የአገራችን ሰው ቢሆንም ስሕተት ነው። ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ እጁን ሳይታጠብ ማዕድ የሚቀርብ ሰው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ሻወር ቢወስድም ንጹሕ አይባልም። ትራኮማን አስቡ። በዓለም ላይ የዚህ በሽታ ከባድ ጫና ካለባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ናት፤ ከክልሎችም አማራ ክልል ክፉኛ ተጎድቷል። ዝንብ ከአንዱ ሕፃን ዓይን ወደ ሌላው ዓይን ያዛምተዋል፤ በሽታው እየተመላለሰ ሲያጠቃ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ይገለበጥና ዓይንን እየፈተገ ያሳውራል። ከመከላከያዎቹ አንዱ የሕፃናትን ፊት ማጠብ ነው። ለፊት የሚበቃው ውሃ እፍኝ ነው፤ ያችን እፍኝ ለማግኘት ግን እናት አንድ ሰዓት የምትሄድበት አገር አለ። ለእርሷ «ልጅሽን እጠቢ» የሚል ስብከት ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ግማሹን እውነት ቤቱ ትቶ ሄዷል።

በ2020 (እ.ኤ.አ.) ኮሮና በገባ ጊዜ ያየነውንም አንርሳ። በየሱቁ፣ በየባንኩ፣ በየግቢው በር ላይ ባልዲና በርሜል ቧንቧ ተገጥሞለት ቆመ። ያን ጊዜ የወሎ ሰው እንዲህ፣ የሐረር ሰው እንዲያ ያለ አልነበረም። ውሃና ሳሙና በር ላይ ሲቀመጥ ሁሉም ታጠበ! ውሃውን የሚሞላ ሲጠፋ በርሜሉ ደረቀ፤ መታጠቡም አብሮ ቀረ። ከዚህ የሚበልጥ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን? ውሃው በቀረበበት ልማድ ይለወጣል፤ ውሃው በራቀበት ምክር ብቻውን ይደርቃል።

ምን ይደረግ?

ወሬ ብቻ ጽፈን አንሄድም። የምንጠይቀው ይህን ነው።

1. ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም የአጠባ ልማድ በአገር ስምና በብሔር ስም መጥራት ይቅር። «ሰሃኑ አልነጻም» ማለት ትችት ነው፤ በደንብ ይታጠብ። «የእነሱ አገር ሰው ሰሃን አያነጻም» ማለት ግን መርዝ ነው፤ ይደፋ።

2. እያንዳንዱ ወንድ ተማሪ የበላበትን ያጥብ። ለእኅት አይተው፣ ለጎረቤት አይለምን። «ሴታ ሴት» ብሎ የሚስቅ ካለ እርሱም ሳፋ ይሰጠው።

3. በተከራየንባቸው ግቢዎች የቧንቧው ሰዓት በስብሰባ ይወሰን፤ ስብሰባውም የፈረቃ ሠራተኞች በሚገኙበት ቀንና ሰዓት ይሁን። የውሃው ሒሳብ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እኛ ማንበብና መጻፍ የምንችል ነን፤ ማመልከቻውን ለመጻፍ ጎረቤቶቻችን እስኪለምኑን አንጠብቅ።

4. የእጣቢ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ድንጋይና ጠጠር ይሞላበት፤ ሲደፈንም በተራ ይጠረግ። አካፋ ከመያዝ የሚከለክለን የትኛው ዲግሪ ነው?

5. የምሕንድስናና የጤና ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን ርእስ ከሩቅ አገር መጽሐፍ ከመፈለግ ይልቅ ከቧንቧችን ሥር ይፈልጉ። አክሊሉ ለማ ከወንዝ ዳር አግኝቷል።

እነዚህ ትልልቅ ጥያቄዎች አይደሉም፤ አብዮት አይባሉም። አንዳንዱ «ይህች አገር ስንት መከራ እያለባት እናንተ ስለ ሳፋ ትጽፋላችሁ!» ይለን ይሆናል። አዎን፣ ስለ ሳፋ እንጽፋለን። አንድ ቧንቧ በፍትሕ መካፈል ያልቻለ ወጣት ነገ ወንዝና መሬት፣ ሥልጣንና ሀብት እንዴት አድርጎ ሊካፈል ነው? ጎረቤቱን በድስት አጠባ የናቀ ሰው ነገ ወንበር ሲያገኝ በምን ሊያከብረው ነው? ንቀት የሚለመደው በትልቅ ስብሰባ ላይ አይደለም፤ ማለዳ ቧንቧ ሥር፣ ጀሪካን ይዞ ወረፋ ሲጠብቁ ነው። እኩልነትም የሚለመደው እዚያው ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ እጅጌያችሁን ሰብስቡ። የተከመረ ዕቃ አለ።